ሳምንት ሳምንት መሰብሰቡ ለምንድነው? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሮታሪና ስለ ሮታራክት ክለቦች ስለሆኑ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ሮታሪ ማለት ከየሙያው የመጡ ሰዎች እየተሰበሰቡ በጎ ስራ ሚሰሩበት አለም አቀፍ የክለቦች ማህበር ነው፣ ሮታራክት ደግሞ የወጣቶቹ ነው። እኔም ለብዙ አመት አባል ነኝ፣ ስለዚህ ከውስጥ ሆኜ ነው ምናገረው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። አለቃዬ የሮታሪ አባል ስለሆነች ጋበዘችኝና ጥቂት ሳምንታት አብሬያት ሄድኩ። ሰዎቹ ደስ ይላሉ፣ ግን ግራ ገብቶኛል። ሆቴል ውስጥ ደወል ይደወላል፣ ምሳ ይበላል፣ እንግዳ ይተዋወቃል፣ አንድ ሰው ንግግር ያደርጋል፣ እንደገና ደወል ይደወልና ሁሉም ወደ ስራው ይበተናል። በሳምንቱም እንደዛው ነው። አላማው ሰው መርዳት ከሆነ የምሳውን ብር ሰብስበው ለተቸገረ ቢሰጡት አይሻልም? አሁን አባል ሁኚ እያሉኝ ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ ብዙ ሰውም እንዳንቺ አስቦ በሁለተኛው ሳምንት ቀርቷል። ግን ምን መሰለሽ፣ ይሄ ነገር ሲጀመር ቀድሞ የመጣው እርዳታው አልነበረም፣ ጓደኝነቱ ነው። ፖል ሃሪስ ሚባል ጠበቃ ነበር፣ ያደገው ቬርሞንት ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሚያውቅበት ቦታ፣ ከዛ ለስራ ቺካጎ ሲገባ ደንበኛ አገኘ እንጂ ወዳጅ አላገኘም። በፈረንጆቹ የካቲት 23 ቀን 1905 (ከዚህ በኋላም ምጠቅሳቸው አመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከአንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ ከአንድ የማዕድን መሃንዲስና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ሆኖ የመሃንዲሱ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀጥሎ የአንዱ ቢሮ፣ ቀጥሎ የሌላው፣ እንዲህ በየተራ እየዞሩ ስለሚገናኙ ነው ሮታሪ የተባለው። የመጀመሪያው የህዝብ ስራቸው የመጣው ከሁለት አመት በኋላ ነው፣ እሱም ምን ነበር መሰለሽ፣ ቺካጎ መሃል ከተማ ላይ የህዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሰራ መወትወት። ሁለት አመት ሙሉ አብረው ሲበሉ፣ ሲተዋወቁ፣ ሲተማመኑ ከርመው ነው አንድ ላይ ከተማውን መጠየቅ የቻሉት።

እኛም እኮ ይሄንን እናውቀዋለን። እድር ላይ ድንኳኑና ሰሃኑ ብቻውን ለቅሶ አያስተዛዝንም፣ ሰዉ ወር በወር ስለሚገናኝና ማን የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው ሌሊት ተጠርቶ ሚመጣው። የክለቡም ሳምንታዊ ስብሰባ ስራው እሱ ነው።

አሁን ለምሳሌ አንዲት አባል ተነስታ "እንዲህ ያለ ቦታ ያለ ትምህርት ቤት ውሃ የለውም፣ ሴት ልጆቹ በወር አበባቸው ጊዜ እየቀሩ ነው" ትላለች እንበል። ክለቡ ከጥንት ጀምሮ አባል ሚመርጠው ከየሙያው ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ መሃንዲስ አለ፣ ፋርማሲስት አለ፣ አስመጪ አለ፣ ባንክ ቤት ሚሰራ አለ፣ አንቺን የመሰለ ሂሳብ አዋቂ አለ። ምሳው ሳያልቅ ማን ቦታውን ሄዶ እንደሚያይ፣ ማን ዋጋ እንደሚጠይቅ ታውቋል። ይሄ በደብዳቤ ቢሆን ወራት ይፈጃል፣ ምክንያቱም ማያውቁት ሰው ደብዳቤ የማንም ጠረጴዛ ላይ ያድራል።

ደግሞ አንድ ብዙ ሰው ማያየው ነገር አለ። የሮታሪ ፋውንዴሽን፣ ማለትም የማህበሩ የእርዳታ ገንዘብ ድርጅት፣ ግሎባል ግራንት ሚባለውን ትልቁን ድጋፍ ሚሰጠው ቢያንስ ሁለት ክለብ ሲጣመር ነው፣ አንዱ ስራው ሚሰራበት ሀገር ያለ፣ ሌላው ከውጭ ሀገር፣ የፕሮጀክቱም ጠቅላላ በጀት ከ30,000 ዶላር ማነስ የለበትም። ታዲያ ካናዳ ወይ ጀርመን ያለ ክለብ አዲስ አበባ ያለውን ክለብ አምኖ አብሮ ሚፈርመው በምን ይመስልሻል? አንድ አባላቸው ለስራ መጥቶ ያ ምሳ ላይ ተገኝቷል፣ የየክለባቸውን ባነር (ትንሽ ባንዲራ) ተቀያይረዋል፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ስለ ሀገሩና ስለ ክለቡ አጫውቶታል፣ ከዛ ኢሜይል መጻጻፍ ተጀመረ። የምሳውን ብር ለተቸገረ ብንሰጠው ለአንድ ቀን ይሆናል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለትምህርት ቤቱ የውሃ ጉድጓዱ አይቆፈርም። ለዚህ ነው ምሳውን ከእርዳታው ለይቼ ማላየው።

ግን በአንድ ነገር ካንቺ ጋ ነኝ፣ አጥብቄም ነው ምለው። የሆቴል ምሳ ዋጋ ወጣቱን፣ መምህሩን፣ ነርሱን ከክለብ እያራቀ ነው። ጓደኝነት ለመፍጠር ቡፌ አያስፈልግም። ቡናና ዳቦ ይበቃል፣ የአንድ አባል መስሪያ ቤት አዳራሽም ይበቃል፣ ጀማሪዎቹ እኮ ቢሮ ውስጥ ነው የተሰበሰቡት! ደንቡም አይከለክልም፣ ክለቡ ራሱ ወስኖ መቀየር ይችላል። አባል ከመሆንሽ በፊት ይሄን ጥያቄ ስብሰባው ላይ እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂ፣ እንዴት እንደሚቀበሉሽ ስለ ክለቡ ብዙ ይነግርሻል።

ሌላም ልትመለከቺው ሚገባ ነገር አለ። ከደወሉ በፊት ቀደም ብለሽ ግቢና ሰዉ እንዴት እንደሚቀመጥ እይ፣ ሁሌ ያው ሰው ከያው ሰው ጋ ከሆነ ሚቀመጠው ክለቡ ደክሟል ማለት ነው፣ እንግዳ ብቻውን ስልኩን እየነካካ ከተቀመጠማ የባሰ ነው። ተናጋሪው ሰአቱን ሁሉ በልቶ ጥያቄ ማይጠየቅበትም ክለብ አለ፣ እሱ ስብሰባ ሳይሆን ሌክቸር ነው፣ እኔ በበኩሌ ሀያ ደቂቃ ንግግር ከበቂ በላይ ነው እላለሁ፣ ቀሪው ሰአት የአባላቱ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንዱ ምወደው ነገር ያ የደስታ መዋጮ ሚሉት ነው፣ ልጇ የተመረቀችላት፣ ከህመም የዳነ፣ ቤት የገዛ እየተነሳ ትንሽ ብር አስቀምጦ ደስታውን ይናገራል። ሰው የሰውን ደስታና ችግር ሚሰማው እዛች ሰአት ላይ ስለሆነ በጭራሽ መቆረጥ የለባትም።

መዋጮውን በተመለከተ ደፍረሽ ጠይቂ፣ ለአለም አቀፉ፣ ለዲስትሪክቱ (የአካባቢውን ክለቦች ሚያስተባብረው)፣ ለክለቡ፣ ለምሳው ስንት ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይንገሩሽ፣ ሂሳብ ሰራተኛ ስለሆንሽ ይሄን እኔ ላስተምርሽ አይገባም። ባለፈው አመት ምን እንደሰሩና አባላቱ በእጃቸው የሰሩት የቱ እንደሆነም ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። አለቃሽ ዛሬ እዛ ወንበር ላይ መቀመጧ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሮታሪ ለረጅም አመታት የወንዶች ብቻ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዱዋርቴ ሚባል ክለብ በ1977 ሶስት ሴቶችን አባል ቢያደርግ ክለቡ እንዳለ ተባረረ፣ ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1987 ለሴቶቹ ተፈረደ፣ በ1989 ደግሞ ሮታሪ ራሱ ደንቡን ቀየረ። የመጀመሪያዋ ሴት የአለም አቀፉ ፕሬዚዳንት ካናዳዊቷ ጄኒፈር ጆንስ ስራ የጀመረችው ግን በ2022 ነው! ስለዚህ እኔ ግቢ ነው ምልሽ፣ ግቢና ያልወደድሽውን ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ስራዬ ፊልድ ይበዛዋል፣ በወር ሁለቴም ላልገኝ እችላለሁ። ከክለብ ያስወጡኛል?

መልስ፦ ድሮ ጥብቅ ነበር። ክለብ በየሳምንቱ መሰብሰብ ነበረበት፣ በተከታታይ አራት ጊዜ ያለምክንያት የቀረ አባልነቱን ሊያጣ ይችል ነበር፣ የቀረ ሰው ከስብሰባው በፊት ወይም በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ክለብ ሄዶ ማካካስ ነበረበት። በ2016 የህግ ጉባኤያቸው ላይ ግን ለክለቦች ሰፊ ነጻነት ተሰጠ፣ አሁን ክለብ በወር ቢያንስ ሁለቴ ከተሰበሰበ ይበቃዋል፣ መገኘትን በተመለከተም የራሱን መተዳደሪያ ማውጣት ይችላል፣ በኦንላይን መገናኘትም ይቻላል። ስለዚህ የክለብህን መተዳደሪያ አንብበህ ጸሃፊውን በግልጽ አነጋግረው።

ሆኖም የማካካሻውን ነገር እንደ ቅጣት አትየው። ፊልድ ስትወጣ በሄድክበት ከተማ ክለብ ካለ ደውለህ ሂድ። ማታውቀው ከተማ ውስጥ ብቻህን ሆቴል ከምትቀመጥ የሀገሩን ሰው አግኝተህ፣ የቱ ጋር ምን እንደሚያስፈልግ ሰምተህ ትመለሳለህ። እኔ የክለብ ህይወት ውስጥ ትልቁ ጸጋ ይሄ ይመስለኛል፣ አለም ላይ 1.2 ሚሊዮን ገደማ አባላት አሉ፣ የትም ብትሄድ እንግዳ ነኝ ብለህ በሩን ማንኳኳት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ እያለ ሮታራክት ሚባል ማህበር ገባ። በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ ደወል ይደውላሉ፣ አንድ ላይ ቆመው የሆነ ነገር ይደግማሉ አሉኝ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ የምስጢር ማህበር ነው ይላሉ። እኔ እናት ነኝ፣ ሃይማኖቱን ያስለውጡት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ አይጨነቁ። ደወሉ ስብሰባው ተጀመረ፣ አለቀ ለማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ሃይማኖት አይደለም፣ ፓርቲም አይደለም፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ሚቀመጠው። ሮታራክት የሮታሪ የወጣቶች ክንፍ ሆኖ በ1968 አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የተጀመረ ነው፣ ሮታሪ ራሱም እኛ ሀገር የገባው በጃንሆይ ዘመን ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም።

ቆመው ሚደግሙት የአራቱ ጥያቄዎች ፈተና ሚባለውን ነው። ኸርበርት ቴይለር ሚባል ቺካጎ ውስጥ ሊከስር የደረሰ የድስት ኩባንያ የተረከበ ሰው በ1932 ለሰራተኞቹ የጻፈው ነው። ምናስበው፣ ምንናገረው፣ ምንሰራው ነገር እውነት ነው ወይ? ለሚመለከተው ሁሉ ፍትሃዊ ነው ወይ? በጎ ፈቃድንና ወዳጅነትን ይገነባል ወይ? ለሁሉም ይጠቅማል ወይ? ይኸው ነው። ከፈለጉ ልጅዎን እንግዳ ሆኜ ልምጣ ይበሉት፣ ስብሰባቸው ለእንግዳ ክፍት ነው፣ በደስታ ነው ሚቀበልዎት። ረቡዕ ወይ አርብ ከሆነ ደግሞ የጾም ነገር እንዲያዘጋጁ አስቀድሞ ይንገራቸው፣ እዚህ ሀገር ይሄን ማይረዳ የለም።

ጥያቄ፦ ሮታራክት ነኝ። የሮታሪ ስብሰባ ላይ ስንጋበዝ ትልልቅ ሰዎች "በስሜ ብቻ ጥራኝ፣ እዚህ ማእረግ የለም" ይሉኛል። አፌ እምቢ አለኝ። ምን ልሁን?

መልስ፦ ልማዱ ከድሮ የመጣ ነው፣ የቺካጎዎቹ አቶም ዶክተርም ሳይባባሉ በስም ነበር ሚጠራሩት፣ ሀሳቡም ማንም በስልጣኑ ሌላውን እንዳይጫን ነው። አንተ ግን ጋሼም እትዬም ብትል ማንም አይቀየምህም፣ እኔም ከኔ በእድሜ ሚበልጡትን እስከ ዛሬ አንቱ ነው ምላቸው። ዋናው ቁም ነገር አክብሮቱ አፍህን እንዳይዘጋው ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ሀሳብ ግን አያዋጣም" ማለት ከቻልክ በቃ፣ አባል ሆነሃል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ምኖረው። ሰፈሬ ያለ ሮታሪ ክለብ ገባሁ፣ አብዛኞቹ በእድሜ የገፉ ነጮች ናቸው። ጨዋ ናቸው፣ ግን ወሬው ጎልፍና የአየር ሁኔታ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ብቸኝነት ይሰማኛል፣ ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመተውህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። የፕሮግራም ኃላፊያቸው በየሳምንቱ ተናጋሪ ፍለጋ ሚጨነቅ ሰው ነው፣ ሂድና እኔ ስለ ኢትዮጵያ ልናገር በለው። ምን ልናገር ካልክ ደግሞ ከፖሊዮ ጀምር። ሮታሪ ፖሊዮን ከአለም ለማጥፋት የተነሳው በ1985 ነው፣ በ1988 የአለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያሉበት ዘመቻ ሲጀመር በሽታው በአመት 350,000 ያህል ህጻናትን ሽባ ያደርግ ነበር፣ ዛሬ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። አብረውህ ሚቀመጡት ሽማግሌዎች እድሜ ልካቸውን ለዚህ ሲያዋጡ የኖሩ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን የክትባቱ ጠብታ የደረሰበትን ሀገር ሰው አግኝተው አያውቁም። ሲያትል ሚኖረው ዕዝራ ተሾመ ይሄንን ገብቶት ነው የአሜሪካ ሮታሪያኖችን ይዞ ኢትዮጵያ እየሄደ ቤት ለቤት ክትባት እንዲሰጡ ያደረገው፣ እሱም እንዳንተ የክለብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሀበሻ ነው።

ስትናገር ስላይድ አታብዛ። ስላደግክበት ሰፈር፣ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ክትባት ስለሚሰጡት ሰራተኞች ተናገር፣ ለጥያቄ ሰአት ተው። በሚቀጥለው ሳምንት ጎልፉን ትቶ አንተ ጋ መጥቶ ሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም፣ እሱን ቡና ጋብዘው። ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልሆነ ሌላ ክለብ ጎብኝ፣ ከተማ ውስጥ ከአንድ በላይ ክለብ አለ፣ በማታ ሚሰበሰቡ አሉ፣ ወጣት ሚበዛባቸው አሉ፣ በኦንላይን ብቻ ሚገናኙም አሉ፣ ክለብ መቀየር ደግሞ ነውር የለውም።