"50 ዋት ልግዛ ወይስ 200?" ለሚለው ጥያቄ ከልምዴ የምለው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን በደንብ አነበብኩት። ያሉህ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትናንሽ ስፒከሮች ናቸው። ሴንሲቲቪቲያቸው (በተወሰነ ጉልበት የሚያወጡት የድምፅ መጠን) 86 ዴሲቤል፣ ኢምፒዳንሳቸው (ለኤሌክትሪኩ የሚያሳዩት መቋቋም) 6 ኦም። የምትሰማው ከ3 ሜትር ርቀት ላይ ነው። አሁን ባለህ ሪሲቨር (አምፕሊፋየርና ሬዲዮ አብረው ያሉበት መሣሪያ) ድምፁን ከፍ ስታደርገው ቤዙ ይሳሳል፣ ላይኛው ድምፅ ደግሞ ጆሮ ይወጋል። እናም "ባለ 50 ዋቱ አምፕሊፋየር ይበቃኛል ወይስ ጨክኜ 200 ዋቱን ልግዛ?" ነው ያልከው።

በዋት አትምረጥ ነው የምልህ። ስንት ዋት እንደምትፈልግ ስፒከርህ፣ የምትቀመጥበት ርቀትና የምትሰማበት ከፍታ ራሳቸው ይነግሩሃል። ያን ካወቅክ በኋላ ትልቁ ጥያቄ አምፑ ስፒከሩ ሲከብድበት ይቋቋማል ወይስ እጅ ይሰጣል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራው። 86 ዴሲቤል ማለት ስፒከሩ 1 ዋት ገደማ ሲገባለት በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ወደ 3 ሜትር ስትርቅ ድምፁ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ስፒከሮቹ ሁለት ናቸው፣ የክፍሉ ግድግዳም የተወሰነውን ይመልስልሃል። ስለዚህ ወንበርህ ላይ በ1 ዋት 80 ዴሲቤል አካባቢ ታገኛለህ ብለን እንነሳ። ይህ ራሱ ቤት ውስጥ ቀላል ድምፅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃ የምትሰማው በ1 ዋት ወይም ከዚያ ባነሰ ነው ማለት ነው።

ቀሪው ጉልበት የሚያስፈልገው ለድንገተኛው ምት ነው። ከበሮ ሲመታ ወይም ፒያኖ በኃይል ሲነካ ድምፁ ከአማካዩ በ15፣ አንዳንዴም በ20 ዴሲቤል ብድግ ይላል። እዚህ ጋ ነው ሂሳቡ የሚከፋው። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። 10 ዴሲቤል፣ ማለትም ለጆሯችን እጥፍ የሚመስለው ጭማሪ፣ አስር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ በ50 ዋት ወንበርህ ላይ ወደ 97 ዴሲቤል ትደርሳለህ። በ200 ዋት ወደ 103። ዋቱ አራት እጥፍ ሆኖ ያተረፍከው 6 ዴሲቤል ብቻ ነው። ልዩነቱ ይሰማል፣ ግን ብዙ ሰው ከወረቀቱ ላይ የሚጠብቀውን ያህል አይደለም። ስፒከሮችህ ባለ 92 ዴሲቤል ቢሆኑ ኖሮ ያንኑ ድምፅ በሩብ ዋት ታገኘው ነበር።

አሁን ስንት ዋት እንደምትጠቀም ገምት ከምልህ ለካው። መልቲሜትር ካለህ ቀላል ነው። በጣም ከፍ አድርገህ የምትሰማውን ሙዚቃ ክፈትና ቮልዩሙን የመጨረሻ የምትደርስበት ቦታ ላይ አድርገህ ተወው። ሪሲቨሩን አጥፋ፣ ስፒከሮቹን ከጀርባው ንቀል። ከዚያ መልሰህ አብራና ከዚያው ማጫወቻ ላይ በ‑12 ዴሲቤል (ከቀረጻው ጣሪያ በ12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ) የተቀዳ የ120 ኸርትዝ የሙከራ ድምፅ አጫውት። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የአንዱን ቻናል ቀይና ጥቁር ተርሚናል ለካ። የመልቲሜትሩ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቀቅ። 12 ዴሲቤል ዝቅ ማለት በቮልት ሩብ ስለሆነ ያገኘኸውን ቮልት በ4 አባዛ፣ ውጤቱን በራሱ አባዛ፣ ከዚያ ለኦሙ አካፍል። ለምሳሌ 3 ቮልት ካነበብክ 12 ይሆናል፣ 12 በ12 ሲባዛ 144፣ ለ6 ሲካፈል 24 ዋት። በዚያ ቮልዩም ቀረጻው ጣሪያው ላይ ቢደርስ እንኳ አምፑ የሚጠየቀው ያን ያህል ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን በትራንዚስተር አምፕ እንጂ በቫልቭ (በመስታወት ቱቦ በሚሰራ) አምፕ አታድርገው። ቫልቭ አምፕ ስፒከር ሳይኖረው ሲሰራ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊበላሽ ይችላል።

የቮልዩም ቁልፉ ግን ዋትን አይነግርህም። "ገና ሩብ ሳልደርስ ቤቱን ያናውጠዋል፣ ጉልበተኛ ነው" የሚሉ ሰዎችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት ያህል ያወጣል። አንዳንድ አምፖች ከዚያ ባነሰ ሲግናል ሙሉ ጉልበታቸው ላይ ይደርሳሉ። ቁልፉ ሩብ ላይ ሳለ ጉልበቱ ያለቀ አምፕ አለ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስፒከርህ ላይ የተጻፈው 6 ኦም እንዲያው መጠሪያ ቁጥር ነው። ኢምፒዳንስ እንደ ድምፁ ፍሪኩዌንሲ ይወጣል ይወርዳል። ባለ 6 ኦም የተባለ ስፒከር አንዳንድ ቦታ ላይ 4 ወይም ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ኦሙ ሲወርድ ስፒከሩ ብዙ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ይጠይቃል። ያን ጊዜ ነው የአምፑ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚያቀርብለት ክፍል) የሚፈተነው። የደከመ አምፕ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጥሩ የተቀዳ ሙዚቃ ውስጥ ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ እኩል የሚያርፉበትን ቦታ አዳምጥ። በዚያች ቅጽበት ድምፃዊው ወደ ኋላ ሸሸት ይላል፣ ጽናጽሉ ይሻክራል፣ ከዚያ ሁሉም ይመለሳል። አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ክሊፒንግ የሚባለው ይህ ነው። የተቆረጠው ሞገድ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን ስለሚፈጥር ሸክሙ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ላይ ይወድቃል። ብዙ ትዊተር የሚቃጠለው በትንሽ አምፕ ከልክ በላይ ሲጮህ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የአምፑን ወረቀት ስታይ የ8 ኦሙን ቁጥር ብቻ አይተህ አትለፍ። በ4 ኦም ስንት ይሰጣል? በ8 ኦም 50፣ በ4 ኦም 90 ዋት የሚል አምፕ እኔን ደስ ይለኛል። በ8 ኦም 100 ብሎ ስለ 4 ኦም ዝም ያለውን እጠረጥረዋለሁ። ዋቱ የተለካው ሁለቱም ቻናሎች አብረው ሲሰሩ ነው? ከ20 ኸርትዝ እስከ 20 ኪሎኸርትዝ ነው ወይስ በ1 ኪሎኸርትዝ ብቻ? ዲስቶርሽኑ (የድምፁ መዛባት) 0.1 ከመቶ ነው ወይስ 10? 10 ከመቶ ላይ የተለካ ዋት ለኔ ዋት አይደለም። ይህ ማጋነን የቆየ ችግር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 አምራቾች ዋቱን ከኦሙ፣ ከፍሪኩዌንሲውና ከዲስቶርሽኑ ጋር እንዲገልጹ ያስገደደው በዚሁ የተነሳ ነው። ያንተ ሪሲቨር ላይ የተጻፈው ቁጥርም በአንድ ቻናልና በ1 ኪሎኸርትዝ የተለካ ሊሆን ስለሚችል መመሪያውን ገልጠህ እየው።

በተቃራኒው ናድ 3020 የሚባለውን አምፕ አስብ። በ1978 ሲወጣ ወረቀቱ ላይ 20 ዋት ብቻ ነበር የሚለው። ግን ለአጭር ምት ከዚያ በጣም የበለጠ ይሰጥ ነበር፣ ዝቅተኛ ኦምም አያስደነግጠውም። ትልልቅ ቁጥር ከለጠፉ አምፖች ጋር ተወዳድሮ የተወደደው በዚህ ነው።

ክላስ ዲ ይሁን ክላስ ኤቢ (ሁለት የአምፕ አሠራር ዓይነቶች ናቸው) ለሚለው ብዙ አትጨነቅ። ዛሬ ጥሩ የተሰራ ክላስ ዲ ሙዚቃ አይበድልም። ኤሌክትሪክ አያባክንም፣ አይግልም። ርካሾቹ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። የላይኛው ድምፅ እንደተገጠመው ስፒከር ኦም ሊለዋወጥ ይችላል፤ አንዱ ስፒከር ላይ ደብዘዝ፣ ሌላው ላይ ጩኸታም። ጥሩዎቹ ይህን በዲዛይናቸው አርመውታል። ክብደትም ለኤቢ እንጂ ለዲ መለኪያ አይሆንም። ከባድ ትራንስፎርመር ኤቢ ላይ ጥሩ ምልክት ነው፣ ዲ ላይ ግን ቀላል መሆኑ ምንም አይነግርህም።

አንድ ወዳጄ ቤት ሁለት አምፖችን በአንድ ጥንድ ስፒከር አወዳድረን ነበር። መጀመሪያ በጆሮ ብቻ ስናዳምጥ ሁላችንም አንደኛውን መረጥን። ከዚያ ስፒከሩ ተርሚናል ላይ ቮልት ለክተን ሁለቱን እኩል ስናደርጋቸው የመረጥነው ቀድሞ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደነበር አየን። እኩል ከሆኑ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ማንም ሊለያቸው አልቻለም። ከፍ ስናደርገው ነው አንደኛው ቤዙ ላይ መላላት የጀመረው። ሱቅ ውስጥ ስታወዳድር ይህን አትርሳ። ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ መልቲሜትሩን ይዘህ ሂድ። አምፑ በርቶ ሙዚቃ ሳይኖር ስፒከር ተርሚናሉ ላይ ዲሲ ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ቮልዩሙን ስታዞረው የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ በጽዳት ይስተካከላል። ካፓሲተሮቹ ካረጁ ግን ወጪ ነው።

ያንተ ችግር ከአምፑ ላይሆንም ይችላል፣ ይህን በግልጽ ልንገርህ። ልኬቱ 20 ወይም 30 ዋት ካሳየህና የሪሲቨርህ ሐቀኛ ዋት ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የደከመው የስፒከሩ ትንሽ ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ክፍል) ሊሆን ይችላል። ትንሽ ዉፈር የሚገፋው አየር ወሰን አለው። ያን ጊዜ 200 ዋት ብትገዛለት ይበልጥ ታስጨንቀዋለህ እንጂ አትረዳውም። የራሱ አምፕ ያለው ሳብዉፈር (ለጥልቅ ቤዝ ብቻ የሚሆን ስፒከር) ጨምረህ ጥልቁን ቤዝ ከስፒከሮቹ ብታነሳላቸው ግን ስፒከሩም ሪሲቨሩም እፎይ ይላሉ። ልኬቱ የሪሲቨርህን አቅም የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በ4 ኦም የሚጸና ከ80 እስከ 100 ዋት ያለው አምፕ ፈልግ። 200ው አያስፈልግህም።

ልኬቱን ስትጨርስ ያገኘኸውን ቮልትና የስፒከርህን ዝቅተኛ ኦም እዚሁ ጻፍልን፣ የትኛው አምፕ እንደሚስማማው አብረን እናየዋለን።