ሞሞዌ ለምን አቆመች?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ድምፃዊት «ጋሼ፣ ሰው ስሙ ጣሪያ ነክቶ ሳለ እንዴት ሙዚቃ ያቆማል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭቴን ነው የቀሰቀሰችው። ሬዲዮ ሙዚቃ ክፍል ስሠራ የማውቃት አንዲት ልጅ ነበረች። ስትዘፍን አንጀት ትበላለች። ሌሊቱን ሙሉ ከክለብ ክለብ ሲያመላልሷት ጉሮሮዋ ተበላሸ። «ደከመኝ» ስትል የሰማት አልነበረም። ዛሬ አትዘፍንም። እሷን ባስታወስኩ ቁጥር ጃፓናዊቷ ድምፃዊት ሞሞዌ ያማጉቺ ትመጣብኛለች።

ሞሞዌን ያየኋት ጃፓን የተማረ ባልደረባችን ባመጣው ቪዲዮ ካሴት ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 1980 እ.ኤ.አ.፣ ቶኪዮ፣ ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ። ገና 21 ዓመቷ ነው። ነጭ ለብሳለች። እንባዋ እየወረደ የመጨረሻውን ዘፈን ትዘፍናለች። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ነጩን ማይክሮፎን መድረኩ መሃል፣ ወለሉ ላይ፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ዞር ብላ ሄደች። ከመሃላችን አንዱ «ትመለሳለች፤ ያልተመለሰ ማን አለ?» አለ። አልተመለሰችም። በቀጣዩ ወር ተዋናዩን ቶሞካዙ ሚዩራን አገባች፤ ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች። ከ40 ዓመት በላይ ሆነ፣ መድረክ ላይ የለችም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ትዳሯ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዮኮሱካ በምትባል የጃፓን ከተማ እናቷ በችግር ያሳደገቻት ልጅ ናት። በቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ታይታ፣ በ1973፣ በ14 ዓመቷ የመጀመሪያ ሸክላዋን አወጣች። ትልልቅ ሰዎች ለልጅ አፍ የማይመጥን ግጥም ሰጧት። ዘፈነችው። ትንሽ ከፍ ስትል ግን «ከእነዚህ ጋር ልሥራ» ብላ ዜማ ደራሲውን ሪዩዶ ኡዛኪን ራሷ ጠየቀች፤ ግጥሙን ባለቤቱ ዮኮ አኪ ጻፈችላት። ሞሞዌ ሞሞዌ የሆነችው ያኔ ነው። በ1978 መጨረሻ፣ ሴቶችና ወንዶች በቡድን ተከፍለው በሚዘፍኑበት የጃፓን ብሔራዊ ማሠራጫ (ኤንኤችኬ) የዓመቱ መዝጊያ ፕሮግራም፣ ከሴቶቹ ቡድን መጨረሻ ላይ በ19 ዓመቷ የዘፈነችው እሷ ነበረች።

የዛሬ ልጆች መታየትና መሥራት ይምታታባችኋል። ቲክቶክ ላይ ሰሞኑን ካልወጣችሁ የተረሳችሁ ይመስላችኋል፤ ይሄ ያሳዝነኛል። ስለ ልምምድ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ደግሞ አቁሙ ማለቴ አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምነው ባላቆመች እላለሁ። ያ ወፈር ያለ ድምፅ 40 ዓመት ሲሞላው ምን ይሆን ነበር? በ2019 መጽሐፍ አወጣች ሲባል ልቤ ዘለለ። መጽሐፉ ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች ስለሰፋቻቸው ሥራዎች ነው። ደስ ብሏት ይሆናል የሠራችው፤ እኔ ግን ዘፈኗን ነበር የፈለግኩት።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ውል ልትፈርሚ ነው አሉ። ዘፈኑን የሚመርጠው ማን ነው? በሳምንት ስንት ምሽት ትሠሪያለሽ? ላቁም ብትዪስ? ወረቀቱ ላይ ፈልጊው። ካላገኘሽው ሳትፈርሚ ደውዪልኝ።