ከመጋረጃው ጀርባ ስትገቡ

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ «ጋሼ፣ እኔ ምርጫ የሚባል ነገር አልነካም፤ ፖለቲካ ነፍስ ያረክሳል» አለኝ። ጾሙንም ማሕሌት ቆሞ ማደሩንም ስለማውቅ አላፌዝኩበትም። ደግሞም ጎጃም ሰሞኑን ያየውን ላየ ሰው የምርጫ ካርድ ወሬ ቅንጦት ቢመስለው አልፈርድበትም። የዚያን ቀን መልስ አጥቼ ተለያየን፤ ይኸው አሁን ልሞክር።

መሳፍንት ምዕራፍ 9 ላይ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ይወጣሉ። ወይራው ቅባቴን፣ በለሱ ጣፋጭነቴን፣ ወይኑም ጠጄን ትቼ አልነግሥም ይላሉ። ሁሉም ምክንያታቸው ደግ ነው። እሺ ያለው እሾሁ ብቻ ነው። ያ ልጅ እንደ ወይራው ነበር የተናገረኝ።

ድምፅ መስጠት ለቤተ ክርስቲያናችንም እንግዳ አይደለም። የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1963 ዓ.ም. በመራጮች ድምፅ ነው ፓትርያርክ የሆኑት፤ አቡነ ማትያስም በ2005 ዓ.ም. ከ806 ድምፅ 500ውን አግኝተው። በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ካህናቱ፣ ምእመናኑና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወኪል ይመርጣሉ።

እኔም የወደቅሁት እዚያው ነው። በጉብዝናዬ ወራት የአጥቢያችን ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ ለአክስቴ ልጅ እጄን አወጣሁ። የእጅ አመል እንዳለበት አውቃለሁ፤ ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ ያየኛል፣ ይሉኝታ ያዘኝ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! ለመቅደሱ ቆርቆሮ የተዋጣውን ብር በልቶት ክረምቱ ገባ። ቄሰ ገበዙ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ሳፋ ሲደቅኑ እያየሁ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን እየሰማሁ አስቀደስኩ። ዮቶር ለሙሴ ሰው ምረጥ ሲለው (ዘጸአት 18፥21) እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የታመነ፣ የግፍ ረብ የሚጠላ አለው እንጂ የአክስትህ ልጅ አላለውም።

እናንተም ተወዳዳሪ ሲመጣ የማን ልጅ እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ የእድሩ ወይም የማኅበሩ ገንዘብ በእጁ በነበረ ጊዜ እንዴት እንደያዘው ጠይቁ። 18 ዓመት ከሞላችሁ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ መብታችሁን አስቀምጦላችኋል። ዐውደ ምሕረቱን ግን ለቅስቀሳ አታውሱ፤ የተለያየ ሰው የመረጡ ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ጽዋ ነው የሚቀበሉት።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. መምህር ሆኜ ከአንድ የገጠር ምርጫ ጣቢያ መዝገብ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንዲት አሮጊት ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ሁለቱን ወረቀት፣ የፌደራሉንም የክልሉንም፣ ተቀብለው መጋረጃው ጋ ሲደርሱ አማተቡ፤ ጫማቸውንም ሊያወልቁ ሲሉ «ኧረ አያስፈልግም እማማ» አልኳቸው።

«ውስጥ ማን አለ ልጄ?»

«ማንም የለ፤ እርስዎና ወረቀቱ ብቻ።»

ቆም ብለው አዩኝ። «እግዜርሳ?» አሉኝ፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።