ሃይላንድ ላጠራቀምሽው እህቴ፦ እኔ እንደሆንኩት እንዳትሆኚ

«ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የሦስት ወር ሃይላንድና ጀሪካን በረንዳዬን ሞልቶታል፣ ለቆራሌው ልስጠው ወይስ ራሴ ወስጄ ልሽጠው?» ላልሽው። እኔም አራተኛ ፎቅ ሆኜ ይሄንኑ ስጠይቅ መላሽ አጥቼ በገንዘቤ ተማርኩት።

1. ክዳኑን ፍቺ። ክዳኑ ካልተከፈተ አየር ይዞ ቦታ ይፈጃል። ከፍተሽ በእግርሽ ጨፍልቂው። ደግሞ ክዳኑና ሃይላንዱ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ አይደሉም። ካላመንሽኝ ሁለቱንም ቆርጠሽ ሳፋ ውሃ ውስጥ ጣያቸው። የክዳኑ ቁራጭ ይንሳፈፋል፣ የሃይላንዱ ታች ይቀመጣል። ልጄ ይሄን ካየ ጀምሮ ያልነከረው ዕቃ የለም፣ የቲቪ ሪሞት ሳይቀር።

2. ቂጡን ገልብጠሽ እዪ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 1 ሃይላንድና የለስላሳ ዕቃ ነው። 2 የበረኪና፣ የሻምፑ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫው የዘይት ጀሪካንም። 5 ደግሞ ወፈር ያሉት የምግብ መያዣዎች ናቸው። ለየብቻ አድርጊያቸው። 3 ካየሽ ግን ከ1 አርቂው። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ስለዚህ በኋላ በውሃ አይለዩም። ሃይላንዱ በሚቀልጥበት ሙቀት 3 ቁጥሩ አርሮ ሁሉንም ያበላሻል።

3. የጋዝና የዘይት ዕቃ ከሌላው ጋር አትቀላቅዪ። ጉድ የሆንኩት እዚህ ጋ ነው።

አራት ማዳበሪያ ሞላሁ። ለቆራሌው መስጠት ሞኝነት መሰለኝና ባጃጅ ተኮናትሬ ራሴ ፕላስቲክ የሚገዙበት መጋዘን ድረስ ወሰድኩት። መዛኙ ማዳበሪያ ውስጥ እጁን ሰዶ መጀመሪያ ያወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እናቴ ነጭ ጋዝ ያስቀመጠችበትን ሃይላንድ! ክዳኑ ላልቶ ሌላውን ሁሉ ነክቶታል። አሸተተ፣ አየኝ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ሁለቱን ማዳበሪያ በእግሩ ገፋ አደረጋቸው። የቀረው ሲመዘን 5 ኪሎ አልሞላም። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ እኮ 20 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ለአንድ ኪሎ ከ50 በላይ ያስፈልግሻል። የተከፈለኝ የባጃጁን መሄጃ አልሸፈነም። ስመለስ በታክሲ፣ ጋዝ ጋዝ የሚሸቱ ሁለት ማዳበሪያዎች ታቅፌ። ረዳቱ ለማዳበሪያዎቹም ሂሳብ ተቀበለኝ።

በማግስቱ ተናድጄ አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ የሚረከብ ማኅበር እንዲጠቁሙኝ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ከብሎክሽ ኮሚቴ ደብዳቤ አምጪ» አለችኝ። ለሃይላንድ ደብዳቤ! የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ሲቆርጡብኝ ማን ደብዳቤ ጠየቀኝ?

ስለዚህ ለቆራሌው ስጪ። ገዢውንም መንገዱንም ከኔም ከአንቺም በላይ ያውቃል። ግን ለይተሽ፣ አለቅልቀሽና አድርቀሽ ስጪው፣ ያኔ መከራከሪያ ይኖርሻል። አሁን አምስት ጎረቤት ሆነን እናጠራቅማለን፣ ቅዳሜ ጠዋት ራሱ መጥቶ «እትዬ፣ ሃይላንድ አለ?» ይለኛል። በሚከፍለን ለደረጃ ጠራጊያችን የሳሙና እንገዛለን። ፌስታል ግን እሱም አይነካልሽም፣ ገበያ ስትወጪ ዘንቢል ያዢ። እንደ ምድር ቤት ጎረቤቶቼ ደግሞ ከጫት ገረባ ጋር እንዳታቃጥዪው፣ ጭሱ እኔ ቤት ነው የሚገባው።

ያቺን የጋዝ ሃይላንድ እናቴ እስካሁን ትጠይቀኛለች። «ደህና ዕቃ ነበረች፣ የት አደረግሻት?» ትላለች።