ታህቱን እዩት

ልጆች፣ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደረሰኝ። አንዳንዶቹ ባንክ የብድር ክፍል ገና የገቡ ናቸው፣ ሌሎቹ ውጭ አገር ሆነው አክሲዮን መግዛት የጀመሩ። "የአንድ የማዕድን ኩባንያ ዕዳ በዛ የምንለው በምን ለክተን ነው?" ይላሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የረጅም ጊዜ ዕዳውን፣ ማለትም ከአንድ ዓመት በኋላ የሚከፈለውን፣ ለጠቅላላ ሀብቱ ታካፍላላችሁ። ዕዳው 10 ቢሊዮን፣ ሀብቱ 40 ቢሊዮን ከሆነ 0.25 ይመጣል። በቃ፣ ለዚህ እኔ አላስፈልጋችሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ላዕሉን፣ ዕዳውን፣ አፍጥጦ ያያል። ታህቱን፣ ሀብቱን፣ የሚጠይቅ የለም።

እኔም አልጠይቅም ነበር። ወጣት የብድር ሠራተኛ ሳለሁ አንድ የእብነ በረድ ካባ ያለው ድርጅት ብድር ጠየቀ። ሠራሁት፣ 0.28 መጣ። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ወሰድኩለት። ዕዳውን ዞር ብሎም አላየው። "ሀብት ያልከው ምንድን ነው?" አለኝ። ወደ ካባው የተቆረጠው መንገድ፣ አፈሩን ለመግፈፍ የወጣው ወጪ፣ እዚያው የተተከለው መቁረጫ ማሽን ብዬ ዘረዘርኩለት። "ድንጋዩ ገዢ ያጣ ቀን መንገዱን ማን ይገዛሃል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ የማዕድን ኩባንያ ሂሳብ ባየሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

መጋዘን ሥራ ቢያቆም ለሌላ ይከራያል። ጉድጓድ ግን አይከራይም። ማዕድን ኩባንያ ሀብት ብሎ የሚጽፈው ገንዘብ የሚጸናው መሬት ውስጥ ያለው ማዕድን ወጪውን በሚሸፍን ዋጋ እስከተሸጠ ድረስ ነው። ዋጋው ሲወርድ ሀብቱ ይወርዳል። ዕዳው ግን እንዳለ ይቆያል፣ ወለዱም አይጠብቅም።

ለዚህ ከፍሪፖርት ማክሞራን የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። በኢንዶኔዥያ ታላቁን የግራስበርግ ማዕድን የሚያወጣው የአሜሪካ የመዳብና የወርቅ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ጠቅላላ ዕዳው (የረጅሙም የአጭሩም ጊዜ ተደምሮ) 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ሀብቱ 35 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ከመቶ አሥር፣ በጣም ቀላል ሸክም። በ2013 ግን ሁለት የነዳጅ ኩባንያዎችን ገዛ፤ ዕዳው ከ20 ቢሊዮን አለፈ፣ ሀብቱም ወደ 63 ቢሊዮን ወጣ። ከመቶ 33 ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ሦስተኛ በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ከዚያ ዋጋ ወደቀ። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ፤ መዳብም በፓውንድ ከ2 ዶላር በታች የተሸጠበት ጊዜ ነበር። ኩባንያው በሚከተለው የሂሳብ አሠራር ደግሞ የነዳጅ ይዞታ በየሩብ ዓመቱ ባለፉት 12 ወራት አማካይ ዋጋ ይለካል፣ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ከበለጠ ብልጫው ይሰረዛል። በ2015 ብቻ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰረዘ። በዓመቱ መጨረሻ ሀብቱ 47 ቢሊዮን አካባቢ ቀረ። ዕዳውስ? ያው 20 ቢሊዮን። ከ2013 መጨረሻ ወዲህ በመጠኑ ቀንሶም ነበር። ጥምርታው ግን ከ33 ወደ 44 ዘለለ። ዕዳው ሳይጨምር ማለት ነው!

ቀጥሎ የመጣው እኔን ያሳዝነኛል። ባለዕዳ ሲጨንቀው የሚሸጠው ገዢ የሚያገኝለትን ነው፣ እሱ ደግሞ ጥሩው ነው። በ2016 ኮንጎ ካለው የተንኬ ፉንጉሩሜ የመዳብ ማዕድን የነበረውን ድርሻ ቻይና ሞሊብደነም ለተባለ ኩባንያ በ2.65 ቢሊዮን ሸጠ፣ አሪዞና ካለው የሞሬንሲ ማዕድን 13 ከመቶውን ለጃፓኑ ሱሚቶሞ በ1 ቢሊዮን ሰጠ። ዕዳው ወደ 16 ቢሊዮን ወረደ። ጥምርታውን ስታሰሉት ግን አሁንም 43 አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም የተሸጠውም የተሰረዘውም ከታህቱ ወጥቷል። እስቲ አስቡት፣ አራት ቢሊዮን ያህል ዕዳ ቀንሶ ቁጥሩ ከቦታው ነቅነቅ አላለም። ይህን መለኪያ ብቻውን የሚያይ ሰው ያ ኩባንያ ያን ዓመት ምንም አልሠራም ሊል ነው።

ስለዚህ 0.25 ስታገኙ እዚያ አታቁሙ። ሀብቱን በ30 ከመቶ ቀንሱና እንደገና አካፍሉ፤ የላይኛው ምሳሌያችን 0.36 ይሆናል። ከዚያ ከሪፖርቱ ኋላ ያሉትን ማስታወሻዎች ክፈቱና መሬት ውስጥ ያለው የማዕድን ክምችት በስንት ዶላር ዋጋ እንደተገመተ ፈልጉ። ዛሬ ገበያው ላይ ካለው ዋጋ በላይ ከሆነ ተጠንቀቁ። አንድ ሌላ ነገር፣ የረጅም ጊዜ ዕዳ መክፈያው ከዓመት በታች ሲቀረው ወደ አጭር ጊዜ ዕዳ ይዛወራል፤ አንድ ሳንቲም ሳይከፈል ጥምርታው ያማረ ይመስላል፣ ሁለቱን ደምሩ። ማዕድኑ ሲዘጋ መሬቱን መልሶ ለማስተካከል የተገባው ግዴታም ብዙ ጊዜ ከዕዳው መስመር ውጭ ነው የሚጻፈው።

ኩባንያ ከኩባንያ ስታወዳድሩ የሂሳብ ደረጃውን እዩ። በአሜሪካ አሠራር የተሰረዘ የማዕድን ሀብት ዋጋው ቢመለስም መዝገብ ላይ አይመለስም። እኛ በአዋጅ 847/2006 በተቀበልነው ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ሊመለስ ይችላል። ሁለት ተመሳሳይ ጉድጓድ ያላቸው ኩባንያዎች ሁለት የተለያየ ታህት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው።

የፍሪፖርት ዓመታዊ ሪፖርቶች በነፃ ይገኛሉ። ከ2012 እስከ 2016 ያሉትን አምስቱን አውርዱ፣ ላዕሉንና ታህቱን በየዓመቱ ጎን ለጎን በእጃችሁ ጻፉ። በኤክሴል ሳይሆን በእጃችሁ። የት ላይ እንደተደናገራችሁ ጻፉልኝ፣ ጊዜ ወስጄ እመልሳለሁ።