ትራይፖድ ሳይዙ የጣናን ዳርቻ በቴሌፎቶ ሌንስ ስለማንሳት

ጠያቂያችን ሩቁን የሚያቀርብ 55–250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዘው ወደ ባሕር ዳር ሊመጡ መሆኑን፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) መሸከም እንደማይፈልጉ ገልጸው፣ የሌንሱ ስታቢላይዘር (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው ክፍል) ብቻውን ለመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ ልምድ ይበቃል። ሆኖም ሰዎች የሚያሳዩኝን የደበዘዙ የጣና ፎቶግራፎች ስመረምር፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚገኘው በእጅ ላይ ሳይሆን በአየሩ ወይም በጀልባው ላይ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ስታቢላይዘር አያስተካክላቸውም።

ከእጅ ልጀምር። የቆየው መመሪያ የሹተር ፍጥነት በሰከንድ ክፍልፋይ ሲጻፍ የታችኛው ቁጥር ከሌንሱ የሚሊ ሜትር ቁጥር እንዳያንስ ይላል። ምስሉን ይበልጥ አቅርቦ በሚያሳየው በካኖን አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ካሜራ 250 ሚሊ ሜትር በ1.6 ሲባዛ 400 ስለሚሆን፣ ያለ ስታቢላይዘር 1/400 ሰከንድ ያስፈልጋል ማለት ነው። አራት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው) የሚያተርፍ ስታቢላይዘር ይህን በስሌት ወደ 1/25 ያወርደዋል፤ እኔ ግን ለዛፍ ቅጠልና ለደንገል ዝርዝር ስል ከ1/125 በታች መውረድ አልወድም፣ ምክንያቱም በሐይቁ ዳር ነፋስ አይጠፋም፤ የሚወዛወዝን ደንገል የሚያቆመው የሹተር ፍጥነት ብቻ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ወደ 400 ወይም 800 ቢወጣ ምንም አይደለም። ግራ እጅዎን ከሌንሱ ሥር ያድርጉ፣ ክርኖችዎን ከጎንዎ ያስጠጉ፣ ቁልፉን በግማሽ ተጭነው በቪውፋይንደሩ የሚያዩት ምስል እስኪረጋ ጥቂት ይጠብቁ፣ ከዚያም ሦስት አራት በተከታታይ ያንሱ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ጠርቶ ይገኛል።

ስታቢላይዘርን በትራይፖድ ላይ አጥፉት የሚለው ምክር የመጣው ካኖን በ1995 እ.ኤ.አ. ካወጣው 75–300 ከመሳሰሉት ቀደምት ሌንሶች ነው። ካሜራውን በድንጋይ አጥር ላይ ቢያስደግፉ ግን እጅዎ አሁንም ስለሚይዘው፣ እንደበራ ይተዉት።

አሁን ወደ ጀልባው። የሞተር ጀልባ ንዝረት በወንበሩና በጠርዙ በኩል ወደ ክርን ስለሚተላለፍ፣ ጠርዙ ላይ መደገፍ ከሚጠቅመው ይልቅ ይጎዳል፤ ሰውነትዎ ንዝረቱን እንዲውጠው ቀጥ ብለው ይቀመጡ። የክብራን ገብርኤልን ወይም የእንጦስን ደሴት ለማንሳት ሲፈልጉ ጀልባ ነጂውን ሞተሩን ጥቂት እንዲያጠፋ ይለምኑት፤ አብዛኞቹ በደስታ ይተባበራሉ። ያም ሆኖ ማዕበሉ ጀልባውን ቀስ ብሎ ማወዛወዙን አያቆምም፤ ስታቢላይዘር የተሠራው ለትንሹና ለፈጣኑ የእጅ ንቅናቄ ስለሆነ፣ በጀልባ ላይ 1/800 ወይም ከዚያ በላይ ይጠቀሙ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ የጀልባ ጉዞዎን ለጠዋት ያድርጉት።

ከሁሉ የሚከብደው አየሩ ነው። በ250 ሚሊ ሜትር ከከተማው ዳርቻ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ሲያነጣጥሩ ሌንስዎ የሚያየው በበርካታ ኪሎ ሜትር አየር ውስጥ አልፎ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ምድሩና ውሃው እኩል ስለማይሞቁ አየሩ ይርገበገባል፤ የዛፎቹ ጠርዝ በጋለ ምጣድ ላይ እንዳለ አየር ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ብዥታ በየትኛውም ውድ ሌንስ አይጠራም። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ ያሉትን አንድ ሁለት ሰዓታት ይጠቀሙ። ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ዘጌን ፊት ለፊት ታበራለታለች፤ ፖላራይዘር (ነጸብራቅን የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ግን በዚህ አቅጣጫ እምብዛም አይሠራም፤ ከዚህም በላይ እስከ ሁለት ስቶፕ የሚደርስ ብርሃን ስለሚወስድብዎ ቤት ይተዉት። ከውሃው ዳር ይልቅ እንደ ቤዛዊት ካለ ከፍታ ማንሳትም ይረዳል፣ የዓይን መስመሩ ከሞቀው መሬት ስለሚርቅ። ከወቅት አንጻር ክረምቱ ካለፈ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ፤ በየካቲትና በመጋቢት አቧራና ጭስ ሩቁን ይሸፍኑታል፤ በእነዚያ ወራት ቢመጡ በቅርብ ያሉትን ታንኳዎችና ወፎች ማንሳት ይሻላል።

ትራይፖድ የግድ የሚሆንብዎ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በማታ መብራቱ፣ ሹተሩን ለሰከንዶች ከፍተው ማንሳት ከፈለጉ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ ከአንድ ሰው ተውሰው ይዘው፣ ካሜራውን ከመትከልዎ በፊት በአካባቢው ያሉትን ጥበቃዎች ያስፈቅዱ።