ያልገዙት ደንበኞች የት ገቡ?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ሽያጭ እመዘግባለሁ። አለቃዬ በዚህ ወር ምንም ያልገዙ ደንበኞችን አውጪ አለኝ። ዳታቤዝ በምንጠይቅበት ቋንቋ በኤስኪውኤል (SQL)፣ «ቁጥራቸው ከሽያጭ ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ» ብዬ በኖት ኢን (NOT IN) ጻፍኩት። አንድም ሰው አልመጣም! ስህተት አለ ብሎም አልነገረኝም። ያልገዙትን ግን በስም አውቃቸዋለሁ። ኤስኪውኤል ይዋሻል እንዴ?

መልስ፦ አይዋሽም እህቴ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ጎራ ብሎ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ በካሽ ገዝቶ በባጃጅ ጭኖ ሲሄድ፣ የደንበኛ ቁጥሩ ላይ ምን ትሞያለሽ? ምንም፣ አይደል? ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ዳታቤዙ ያን ባዶ ቦታ ነል (NULL) ይለዋል። ነል ዜሮ አይደለም። «አይታወቅም» ማለት ነው። አሁን ደንበኛ ቁጥር 12 አልገዛም እንበል። ዳታቤዙ ቁጥሩን ከሽያጮቹ ጋር አንድ በአንድ ሲያስተያይ ነሏ ጋ ይደርስና፣ ይቺ ያልታወቀች ቁጥር 12 ልትሆንም ላትሆንም ስለምትችል፣ አዎም አይልም አይደለምም አይልም፣ «አይታወቅም» ይላል። ረድፎችን የሚያጣራው የጥያቄሽ ክፍል፣ ዌር (WHERE)፣ ደግሞ እርግጠኛ «አዎ» ያልተባለለትን ረድፍ ሁሉ ይጥላል። አንዲት ነል ዝርዝርሽን ድራሹን አጠፋችው ማለት ነው።

ኖት ኢንን ተዪውና በኖት ኤግዚስትስ (NOT EXISTS) ጻፊው። እሱ የሚጠይቀው «ይህ ቁጥር ያለበት ሽያጭ አለ ወይ?» ብቻ ስለሆነ ነል አያደናግረውም። ወይም ከሽያጭ ሰንጠረዡ ቁጥሮቹን የሚያወጣው የውስጠኛው ጥያቄ ላይ ኢዝ ኖት ነል (IS NOT NULL) ጨምሪ፣ ባዶዎቹን ይተዋቸዋል። በእኩል ምልክት ነልን ልፈልግ እንዳትዪ ብቻ፤ ያልታወቀ ነገር ከሌላ ያልታወቀ ጋር እኩል ነው ወይ ሲባልም መልሱ ያው «አይታወቅም» ነው።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አላስተካከሉትም? የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ ዳታን በሰንጠረዥ የማደራጀትን ሐሳብ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ቻምበርሊንና ቦይስ የተባሉ ተመራማሪዎች ቋንቋውን በ1974 አቀረቡ፣ በ1986 ደግሞ የአሜሪካ ደረጃ (ቋንቋው እንዴት መሥራት እንዳለበት የሚደነግግ ሰነድ) ወጣለት። ክሪስ ዴት የሚባለው ምሁር ነልን ለአሥርተ ዓመታት ተቃውሟል፣ እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ግን ቋንቋው አንዴ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ትርጉሙን መቀየር ማለት ትናንት በትክክል ይሠራ የነበረውን ጥያቄ ዛሬ ሌላ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ስለዚህ ይጨምራሉ እንጂ አይነቅሉም። በ1999 ራሱን መልሶ የሚጠራ ጥያቄ መጣ፣ በ2003 ዊንዶው ፈንክሽን፣ ማለትም ረድፎቹን ሳያጠቃልል ለእያንዳንዱ ረድፍ ከተዛማጆቹ ጋር የሚያሰላ። አንዳንዴ ደረጃው ራሱ ይዘገያል፦ የመጀመሪያዎቹን አሥር ረድፎች ብቻ ስጠኝ ለማለት ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ሊሚት (LIMIT) ይላል፣ የማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ ቶፕ (TOP) ይላል፣ ደረጃው በ2008 ፌች ፈርስት (FETCH FIRST) ሲል ሰው ሁሉ የየራሱን ለምዶ ነበር።

ወደ ሥራሽ ስንመለስ፣ ለካሽ ገዢዎች ሁሉ አንድ የጋራ የደንበኛ ቁጥር ክፈቺና የደንበኛ ቁጥሩን ዓምድ ኖት ነል (NOT NULL)፣ ማለትም ባዶ የማይቀበል፣ አድርጊው። መጀመሪያ ግን የድሮዎቹን ባዶ ረድፎች በዚያ ቁጥር ሙያቸው፤ አለዚያ ዳታቤዙ ሕጉን አይቀበልሽም።